ከካርቶኑ ሥር ያለችው ልጅ

ተዋበች ሠላሳ ዘጠኙን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከስስ ወረቀታቸው ፈትታ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጋ ሶፋው ላይ ከደረደረች በኋላ አርባኛው ላይ ስትደርስ እጇ ተያዘ። የምትፈልገው እሱን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ልቧ ድው ድው የሚለው በእሱ ምክንያት ነው። ሰው የጓጓለትን ነገር ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚያስቀምጠው እናንተ ታውቁት እንደሆን እንጂ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ፎቶዎቹ የማዳም ሙና ናቸው። ማዳም ሙና ባሏ የሞተባት፣ ከአስተማሪነት ጡረታ የወጣች፣ ፉርን ኤል ሸባክ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ናት። የሊባኖስ ጦርነት ካበቃ ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ ካሜራዋን አንጠልጥላ የቤሩትን በረንዳዎች ስታነሳ ኖራለች። «ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ ከተቀመጠ፣ ያኒ፣ ጥይት ቀርቷል ማለት ነው» ትላለች። ዘንድሮ እንደምንም ደፍራ አርባ ፎቶዎች መረጠችና ነገ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለገዢ ልታቀርባቸው ነው። ከሁለት ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ እሷ እንቅልፍ ካጣች ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ተዋበችም የላትም።

መቼም ፎቶ እንዲሁ እርቃኑን ገበያ አይወጣም። መጀመሪያ ሺያህ ወዳለው ወርክሾፕ ይላካል። እዚያ ወፍራም ካርቶን ላይ ይያያዝና ከላዩ መሐሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ ሌላ ነጭ ካርቶን ይደረብበታል። ይህን ባለ መስኮት ካርቶን የአገሩ ሰዎች ፓስፓርቱ ይሉታል። መስኮቱን የሚቆርጠው ደግሞ ስለሺ ነው። የኛው ሰው፣ ሐበሻ። መጀመሪያ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ መጥቶ፣ እጁ ሲታይ ወርክሾፑ የወሰደው። ተዋበች ያን እጅ ስታስብ፣ ምን ልበላችሁ፣ የያዘችው ዕቃ ይወድቅባታል። ሦስት ዓመት ሙሉ የማዳምን ፎቶ ስታመላልስ አንድም ቀን እጇን ሳይጨብጥ፣ ዓይኗን ብቻ እያየ «ደህና ነሽ?» የሚላት ሰው ነው። ፍቅራቸው በዓይን ተጀምሮ በደብዳቤ የኖረ ነው። በፎቶዎቹ መሐል ከሚደረገው ስስ ወረቀት ውስጥ እየሸጎጡ ይጻጻፋሉ፤ ማዳምም ታውቅ ይሆናል፣ ላታውቅም ትችላለች።

አርባኛው ፎቶ ላይ ያለችው ራሷ ተዋበች ናት። ባለፈው ሚያዝያ በረንዳው ላይ ልብስ ስታሰጣ ነፋሱ የማዳምን የሌሊት ልብስ መንጭቆ የጎረቤት አንቴና ላይ ሰቀለው። ተዋበች ገመዱን እንደያዘች በሳቅ ስትፈርስ ማዳም ከኋላዋ ቀጭ! አደረገቻት። አላስፈቀደቻትም። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ተዋበች ራሷን ለማወቅ ጊዜ ፈጀባት፤ አገሯን ለቃ በወጣችባቸው አምስት ዓመታት እንዲያ ስቃ የምታውቅ አልመሰላትም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ፎቶዎቹን ወርክሾፕ ስታደርስ ከራሷ ፎቶ ጋር አንድ ደብዳቤ ሸጎጠች። ስለሺ ከዚያ ቀደም ድንገት ዝም ብሏት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እሷ ደግሞ ጊዜ አልነበራትም፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዷ ሊያበቃ ነበር። እንዲህ ነበር የጻፈችው፤

«ስለሺ፣ ኢቃማዬ ሊያልቅ ነው። ማዳሜ ለሁለት ዓመት ላሳድስልሽ ወይስ ቲኬት ልቁረጥልሽ ትለኛለች። አባቴ ደግሞ ባል ተገኝቶልሻልና ነይ ብለው ጽፈዋል። የማላውቀው ሰው ነው። አንተ 'ቅሪልኝ' ካልከኝ እቀራለሁ። ካላልከኝ ምን ላድርግ? እሄዳለሁ። መልስህን ከፎቶዎቹ ጋር ላክልኝ።»

በሠላሳ ዘጠኙ መሐል ደብዳቤ የለም። የቀረው ይኸው አርባኛው ነው። ተዋበች ስሙ ምስጉን ይሁን ብላ ወረቀቱን ገለጠች።

ፓስፓርቱው እሷን ሸፍኗታል።

መስኮቱ ከሰቀለችው አንሶላ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ቀርቷል። አንሶላው አለ፤ ገመዱም፣ የበረንዳው ብረትም አለ። እሷ የለችም። እሷ በነበረችበት በኩል ያለው ወፍራም ነጭ ካርቶን ብቻ ነው። ወረቀቱን ገልብጣ ፈለገች፣ ሳጥኑን ደፍታ አራገፈች። ምንም።

«መልስህን ከፎቶዎቹ ጋር ላክልኝ አልኩት፤ ላከልኝ» አለች ለራሷ። ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አነባች። ነጭ ካርቶን ያን ያህል ያስለቅሳል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

* * *

ሚሚ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትሠራው። የሁለቱ ወጥ ቤት መስኮቶች ወደ አንድ ጠባብ የብርሃን ማስገቢያ ስለሚከፈቱ ሳህን እያጠቡ ማውራት ይችላሉ። ሚሚ ጴንጤ ናት፣ ተዋበች ኦርቶዶክስ፤ እሑድ እሑድ እያንዳንዳቸው ከየአምልኳቸው ሲወጡ ተገናኝተው ወደ ቤሩት የባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ፤ ሌላው ሐበሻም እዚያው ይሰበሰባል።

«እና ሸፈነኝ ነው የምትዪው?» አለች ሚሚ ከታች አንገቷን አውጥታ።

«እንደሌለሁ አደረገኝ።»

«አይ ወንድ! አፍ አውጥቶ አልፈልግሽም ቢል ምን ነበረበት? በካርቶን ይናገራል እንዴ ሰው?» ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ተዋቡ፣ የሆነ ነገር አስቀይመሽዋል። ያን እሑድ ባሕር ዳር ስናወራ እሱ ሳይሰናበት ነው የሄደው። እኔ አይቼዋለሁ።»

«ያን እሑድ ምን አልኩ? ስንስቅ ነው የዋልነው።»

እውነት ነው፤ ሲስቁ ነው የዋሉት። ያሳቀቻቸውም እሷ ናት። የተዋበች አባት አቶ ዘገየ የቢቸና ሰው ናቸው፤ የባላባት ልጅ። በአዋጅ መሬታቸው ቢወረስም ኩራታቸው አልተወረሰም። ታዲያ ያን ዕለት ተዋበች የአጎቷን ልጅ ሠርግ ታሪክ አወራች። ዳስ ተጥሎ፣ ሰንጋ ታርዶ፣ ሙሽራው በበቅሎ እየመጣ ሳለ አቶ ዘገየ የሙሽራው አያት ቀጥቃጭ መሆኑን ሰሙ። ብረት የሚቀጠቅጥ። ከዘራቸውን አንስተው ዳሱን በሕዝብ ፊት አስፈረሱት፤ ሙሽራውም በመጣበት በቅሎ ተመለሰ። ተዋበች የአባቷን ድምፅ አስመስላ «ከእጀ ሠሪ ጋር አጥንቴን አልቀላቅልም!» ስትል ሐበሻው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስለሺም ስቋል። ስቆ ሲያበቃ ግን ዓይኑን ወደ ባሕሩ አዞረ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ተዋበች አልታወቃትም። «የአባቴን ጉድ ነው ያወራሁት፣ እሱን ምን አገባው?» ብላ የሚሚን ነገር ናቀችው።

ማታ ማዳም ሙና ስትመለስ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፎቶዎቹን ቆጠረች፣ አርባኛው ላይ ደረሰችና ጮኸች።

«ልጅቷስ? የት ሄደች ልጅቷ? ያኒ አብዷል እንዴ ይሄ ሰው? በስልክ ነግሬዋለሁ እኮ!» አንዱ ባለ ሆቴል ይህን ፎቶ አስቀድሞ ወዶታል፤ በሆቴሉ መግቢያ ሊሰቅለው ነው። ማዳም ሥራዋን የሚወድላት ሰው በማግኘቷ ሳምንቱን ሙሉ በደስታ ስትንሳፈፍ ነበር። «የወደደው አንቺ ስላለሽበት ነው፣ ሐቢብቲ። ካለአንቺ እኮ አንሶላ ብቻ ነው! ነገ ጠዋት ይዘሽው ሂጂ፤ እንደገና ይቁረጠው።»

«እሺ ማዳም።»

«የኢቃማውንም ነገር ነገ ቁርጥሽን ንገሪኝ። የቲኬት ቢሮው ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

ተዋበች እዚያው «ቁረጪልኝ፣ እሄዳለሁ» ልትል አፏን ከፈተች። «ነገ እነግርሻለሁ» አለች በምትኩ። ነገ ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው ነው። ትዘልፈው እንደሆን፣ ትሰናበተው እንደሆን ገና አልወሰነችም። ያች ሞኝ ልቧ ግን፣ ያን ሁሉ ተንቃም፣ ልታየው ነው ስትባል ደስ አላት።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ፎቶውን በአንሶላ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ፣ ከፉርን ኤል ሸባክ እስከ ሺያህ በእግሯ ሄደች። ሰርቪስ ታክሲዎቹ ጡሩንባቸውን እየነፉ ቢለማመጧትም ቀና ብላ አላየቻቸውም። የምትለውን እያጠናች ነበር። «ስለሺ፣ መልስህ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ይሄን ብላ፣ ፎቶውን ሰጥታ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ትወጣለች። የአቶ ዘገየ ልጅ ናት፤ አንገት ቀጥ ማድረግ ማንም አያስተምራትም።

ወርክሾፑ ስትደርስ ስለሺ ብቻውን ነው። ባለቤቱ፣ እነሱ ሙአለም የሚሉት፣ መስታወት ሊያመጣ ወደ ኦዛይ ወርዷል። ስለሺ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ፣ ማስመሪያውን በአንድ እጁ ተጭኖ ካርቶን እየቆረጠ ነበር። ስትገባ ቀና አለ። ቢላውን አስቀመጠ። ያጠናችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

«ሥራህ ተመልሶልሃል» አለች አንሶላውን ፈትታ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር እያደረገች። «ማዳሜ እንደገና ቁረጠው ብላለች።»

«አውቃለሁ። ጠዋት ደውላ ነበር።»

«ታዲያ ቁረጠዋ!»

«አልቆርጥም።»

«ምነው? ፊቴን ማየት ይህን ያህል አስጠላህ?»

«ማየት?» አለ ስለሺ። የሰማውን ያላመነ ይመስል ነበር። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ከማየት ሌላ ምን ሠራሁና?»

«አትቀልድብኝ ስለሺ! በእግዚአብሔር አትቀልድብኝ። ቅሪልኝ በለኝ ብዬ ለመንኩህ። እኔ! ሴት ልጅ ሆኜ፣ ክብሬን ጥዬ ለመንኩህ። አንተ ደግሞ በካርቶን ደፈንከኝ። አልፈልግሽም ማለት አቅቶህ ነው? አልፈልግሽም በለኝና ልሂድ!»

ስለሺ ፎቶውን ወደ ራሱ ሳበ። ጣቶቹ ላይ የቢላ ጠባሳ እዚህም እዚያም አለ።

«ባለ ሆቴሉ እዚህ መጥቶ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ፍሬም ሊመርጥ። ፎቶሽን አንስቶ ወደ ብርሃን አስጠጋው። 'ሲሪላንኪያ ናት?' አለኝ። 'ሐበሻ ናት' አልኩት። አገላብጦ አየና 'ታዲያ ልጅቷንም አብረህ ብትጠቀልልልኝስ?' ብሎ ሳቀ። ሙአለሙም ሳቀ። እኔ ቢላ ይዤ ነበር ተዋቡ።»

ተዋበች ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ምን ላደርግ እችላለሁ? ኢቃማዬ በሙአለሙ እጅ ነው። ሰውየው እንደወጣ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና መስኮቱን አንሶላው ድረስ ብቻ ቆረጥኩ። አንሶላውን ይግዛ። በረንዳውን ይግዛ። አንቺን ግን በገባ በወጣ እንግዳ ዓይን ፊት ሊሰቅልሽ፣ ያውም በእኔ እጅ ተዘጋጅተሽ? እጄ እምቢ አለኝ። ማዳምሽ ይህን ያህል ትቆጣለች ብዬም አላሰብኩ።»

ይህን ብሎ የፓስፓርቱውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ያዘና እንደ መጽሐፍ ሽፋን ወደ ላይ ገለጠው። ከሥሩ ተዋበች ሙሉ ናት። ገመዱን ይዛ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ፎቶው ከላይ በኩል በሁለት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ሙጫ የሚባል አልነካውም፤ ጫፉም እንዳለ ነው።

«ሙአለሙ 'ፍሬሙ ጠባብ ነው፣ የተረፈውን ቆርጠህ ጣለው' ብሎኝ ነበር» አለ ስለሺ። «ፍሬሙን ቀየርኩ እንጂ ካንቺ የፀጉር ታህል አልቆረጥኩም። ይሄ ሥራዬ ነው፤ አውቀዋለሁ። ፓስፓርቱ ይሸፍናል እንጂ አይቆርጥም።»

ተዋበች ጥግ ላይ የተከመረው ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። አንድ ቀን ሙሉ የጠላችው፣ የረገመችው ሰው ይሄ ነበር። ደስታና እፍረት አንድ ላይ መጡባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም ጠፋት።

«ታዲያ ደብዳቤዬስ?» አለች በቀጭን ድምፅ። «ለምን አልመለስክልኝም?»

እዚህ ላይ ስለሺ ዓይኑን ሰበረ።

«ያን እሑድ ስለ አጎትሽ ልጅ ሠርግ ያወራሽው ትዝ ይልሻል?»

«ዳሱ የፈረሰበት?»

«እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ ተዋቡ።»

ውጭ አንድ ሰው በመኪና ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ አትክልት ይሸጣል፤ እሱ እስኪያልፍ ሁለቱም ጠበቁ።

«አባቴ ማረሻ ይሠራል» አለ ስለሺ። «እስቴ ውስጥ እሱ የሠራው ማረሻ ያላረሰው መሬት የለም። ማረሻውን ይወስዳሉ፤ አብረውት ግን አይበሉም። ቡዳ ናቸው ይሉናል። ገበያ ስናልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፣ ዓይናችን እንዳይበላቸው። እኔ ሰው ፊቱን ሲሸፍንብኝ ነው ያደግሁት። እዚህ አገር ስመጣ ደስ ያለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሁላችንም ሠራተኛ ነን፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንቺም አልጠየቅሽኝም። ያን ቀን ግን አወራሽ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። የሚቆጨኝ እሱ ነው። በአባቴ ሳቅኩ።»

ተዋበች ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። የአባቷን ድምፅ አስመስላ ያን ስትል፣ ሰዎቹ ሲንከተከቱ፣ የበለጠ ይሳቁላት ብላ ከዘራውን በእጇ ስታሳይ ሁሉ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ማን ጠይቋት ነው ያወራችው?

«ምላሴን በቆረጠው» አለች።

«አንቺ አታውቂም ነበር።»

«ባላውቅስ! አንተ ባትሆንስ፣ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆንስ ይሳቅበታል? ያ ሙሽራ በበቅሎ ሲመለስ ያለቅስ ነበር፤ አይቼዋለሁ። በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ እያወቅኩ ነው ያሳቅኩበት።» ተነሥታ ፊቱ ቆመች። በአቶ ዘገየ ቤት ይቅርታ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይጠየቅም። ተዋበች ግን ያን ባለ ጠባሳ እጅ በሁለት እጇ ያዘችና፣ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘችውና፣ ግንባሯን ደፋችበት። «ይቅር በለኝ። ስለ አባትህም ይቅር በለኝ።»

ስለሺ እጁን አልነጠቀም። ሌላኛውን እጁን አንስቶ ራሷ ላይ ሊያሳርፍ ፈልጎ፣ ፈርቶ፣ አየር ላይ አቆየው። በመጨረሻ አሳረፈው። ሁለቱም ለምን እንደሚያለቅሱ ለየብቻቸው ያውቁ ነበር።

ይህን ጊዜ ነው የወርክሾፑ ስልክ የጮኸው፤ ተዋበች አነሳችው።

* * *

«አሎ? ተዋበች? ቆረጠው?» ማዳም ሙና ናት። ከበስተኋላዋ መዶሻ ይሰማል፤ አዳራሹ ውስጥ ሚስማር እየተመታ ነው።

ተዋበች አምስት ዓመት ሙሉ ለማዳሟ «እሺ» እንጂ ሌላ ቃል ብላ አታውቅም። ዓይኗን ጨፈነች።

«አልተቆረጠም ማዳም። እንዲቆረጥም አልፈልግም።»

«ምን?»

«ፎቶው ያንቺ ነው። ሳቁ ግን የኔ ነው። ስታነሺኝ አልጠየቅሽኝም፤ እኔም ዝም አልኩ። አሁን ግን እለምንሻለሁ፣ ሳቄን ሆቴል በር ላይ አታሰቅዪብኝ። ከፈለግሽ እንደተሸፈንኩ ይሸጥ።»

ከወዲያ በኩል መዶሻው ብቻ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስለሺ አረብኛውን በደንብ ይሰማል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሐበሻ ሴት አፍ ወጥቶ ግን ሰምቶ አያውቅም።

«ሰውየው ይቆጣል» አለች ማዳም በመጨረሻ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ሌላ አለ ማዳም። ሁሉም ቆንጆ ናቸው። እኔ ነኝ የጠረግኳቸው፣ አውቃቸዋለሁ።»

ማዳም ሙና በአፍንጫዋ ሳቅም ቁጣም የሚመስል ነገር አወጣች። «ኸላስ፣ በቃ» አለች። «ኸላስ፣ ኸላስ። አስተማሪ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ልጆችን 'ሳታስፈቅዱ አትንኩ' ስል ኖሬ። እሱ ፎቶ አይሸጥም። ለሰውየው እኔ እነግረዋለሁ። አሁን የሌላውን መልስ ስጪኝ። ቢሮው ሊዘጋ ነው፤ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ? ያላ!»

ተዋበች የስልኩን አፍ በመዳፏ ከደነችና ስለሺን አየችው።

«ሰምተሃል» አለችው በአማርኛ።

«አባትሽ ይረግሙሻል ተዋቡ።»

«እሱን እኔና አባቴ እንነጋገርበታለን። ይቆጣሉ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይቆጣሉ። ቁጣቸውን አውቀዋለሁ፤ ልጃቸው ነኝ፣ እኔም አለኝ። አንተን የጠየቅኩህ ግን ሌላ ነው። በደብዳቤ ጠየቅኩህ፣ አሁን ደግሞ ፊትህ ቆሜ እጠይቅሃለሁ። ሦስተኛ አልጠይቅህም።»

ስለሺ ዙሪያውን አየ። ካርቶኑን፣ ቢላውን፣ ማስመሪያውን። ሚሊ ሜትር ሳይስት የሚቆርጥ ሰው፣ አንዲት ቃል ከአፉ ለማውጣት ላብ ላብ አለው።

«ቅሪልኝ» አለ። ድምፁ አልወጣ ብሎት እንደገና አለው። «ቅሪልኝ ተዋቡ። ከዚህ ሌላ የምመኘው ነገር የለኝም። ቅሪልኝ።»

ተዋበች መዳፏን ከስልኩ አነሳች።

«ማዳም፣ እቀራለሁ።»

«ነሽኩር አላህ! እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች ማዳም ሙና፤ እውነትም ደስ ብሏታል። «በይ ባዶ እጅሽን ነይና ወንበር አግዢኝ። ቀስ ብለሽ ነይ፣ ግድ የለም።» ይህችን የመጨረሻዋን ያለችበት አኳኋን፣ ስለ ደብዳቤዎቹ ከመጀመሪያው ታውቅ እንደነበር ያሳብቅባታል።

ስልኩ ተዘጋ። ሁለቱ ተያዩ። የሚሉት ጠፍቷቸው ተሳሳቁ፤ ተዋበች በፎቶው ላይ እንዳለችው ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፤ ስለሺም ምንም ሳይጋረድበት ፊት ለፊት አያት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት እንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሳቁ ሲበርድ ተዋበች ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ሳበች።

«ንጹሕ ወረቀትና ብዕር ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ለአባቴ ልጽፍላቸው ነው። አሁኑኑ። ነገ ካልኩ እፈራለሁ።»

ስለሺ ወረቀት አመጣላት። «ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ» ብላ ጀመረች። ጤናቸውን ጠየቀች፤ ያለችበትን ደህንነት ነገረች። ከዚያ «የታሰበልኝን ሰው ይቅር ያሰኙልኝ። እኔ የማገባውን ሰው አግኝቻለሁ» አለችና ብዕሩን አነሳች።

«የአባትህን ስም እስከ አያትህ ንገረኝ።»

«ሞላልኝ አሥራት።»

«ሥራቸውስ?»

ስለሺ ክው አለ። «እሱንም ትጽፊዋለሽ? ተዪው ተዋቡ። ስም ይበቃል። ቀስ ብለን፣ ሲለምዱን…»

«ሌላ ሰው ከሚነግራቸው እኔ ልንገራቸው። ዳሱ ከተጣለ በኋላ የሚፈርስ ሠርግ አልፈልግም። መፍረስ ካለበት ከአሁኑ ይፍረስና ሁለታችን እንደገና እንተክለዋለን። ንገረኝ። ምን ይሠራሉ?»

ስለሺ የሚለውን ቃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ ሲለው ኖሯል። ተማሪ ቤት ሲጠየቅ «ገበሬ» ይል ነበር። ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር «ነጋዴ» ብሏል። አሁን ግን ተዋበች ብዕሯን ይዛ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ትጠብቀዋለች።

«ቀጥቃጭ» አለ፤ ድምፁን ሳይቀንስ።

በአቶ ዘገየ ቤት፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ፣ በቀጥቃጭ ስም ፊት አቶ የሚል ቃል ተቀምጦ አያውቅም። ተዋበች ብዕሩን ጫን አድርጋ፣ ፊደሉን አድምቃ፣ «አቶ ሞላልኝ አሥራት፣ ቀጥቃጭ ናቸው» ብላ ጻፈች። ስለሺ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብሎ አነበበው። ዓይኑ ፈዞበት አንድ ጊዜ አልበቃውም፤ ጠርጎት እንደገና አነበበው።